ከመሣሪያው በፊት ነዳጁ፦ በመስክ ጥናት የላምባን ንጽሕና ስለ መጠበቅ

መነሻ

ለመስክ ጥናት የሚወጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመነሣቱ በፊት የሚያዘጋጀው ዝርዝር ረጅም ነው። የመለኪያ መሣሪያው ባትሪ፣ የናሙና ከረጢቱ ቁጥር፣ የመጠይቁ ቅጂ፣ የድንኳኑ ካስማ ሳይቀር ይቈጠራል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ላምባ፣ 10 ሊትር» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ላምባው በምን ዕቃ እንደ ተቀዳ፣ ውሃ ወይም ዝገት ይኑረው አይኑረው፣ ከሌላ ነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን የለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፤ ነዳጅን አጥልሎና ፈትሾ መያዝ የወጥ ቤት ጉዳይ ተብሎ የሚተው ሳይሆን የጥናቱ ዘዴ አካል ሊሆን ይገባዋል። ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ የራሴ ስሕተት ነው።

በ2009 ዓ.ም. የበጋ ወራት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የአስታ ቁጥቋጦ እንደ ገና የሚያገግምበትን ፍጥነት ለማጥናት ወጥተን ነበር። ላምባውን ደባርቅ ላይ ገዛን፤ ጀሪካኑ ግን የራሳችን ነበር። ከዋዜማው የመጠጥ ውሃ የያዝንበት ነው፤ ደፍተነዋል እንጂ አላደረቅነውም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው በግጭ ሰፈር ድንኳናችንን ስንተክል ጀሪካኑ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሙሉ ቀን ተናውጦ ደርሷል። ወዲያውኑ በምድጃው ሞላነው።

ነበልባሉ መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ሆነ፤ ተንጣጣ፤ ጠፋ። እንደ ገና ለኰስነው፤ እንደ ገና ጠፋ። በሦስተኛው ጊዜ አንደኛው ባልደረባችን ምድጃው እስኪበርድ ሳይታገሥ ክብሪት ሲያቀርብ ነበልባሉ በድንገት ወደ ላይ ተስፈንጥሮ የእጁን ጀርባ ለበለበው። ያበስሉልን የነበሩት አዛውንት ምድጃውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ቡናውን አስክናችሁ ትጠጣላችሁ፤ ላምባውን ግን እንደ ተናጠ ትሞሉታላችሁ። በበቅሎ ላይ ሲናጥ የዋለ ነገር እኮ ነው።»

በዚያ ሌሊት ብርዱ ጠንክሮ ነበር፤ የቈሰለውን እጅ የምናጥብበት የፈላ ውሃም ያስፈልገን ነበር። ስለዚህ የአስታ ቅርንጫፍ ሰብረን አነደድን። ቀን የቈጠርነውን ተክል ሌሊት አቃጠልን ማለት ነው። በመመረቂያ ጽሑፌ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል የለም። ዛሬ የምጽፈው ያኔ መጻፍ የነበረብኝን ነው።

የችግሩ ባሕርይ

ላምባ ከውሃ ይቀልላል። የአንድ ሊትር ላምባ ክብደት 800 ግራም ያህል ሲሆን የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ግራም ነው። ሁለቱ አይዋሐዱም፤ ላምባ በውስጡ ሊያሟሟ የሚችለው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሃው ጊዜ ሲያገኝ ወደ ታች ይወርድና ከዕቃው ሥር ይተኛል። ዕቃው ሲናወጥ ግን በጥቃቅን ጠብታ ተሰባብሮ በላምባው ውስጥ ይበተናል፤ ያን ጊዜ ላምባው ደብዘዝ ያለ መልክ ይይዛል።

ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት በ1892 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፕሪሙስ የተባለው ምድጃና ከእርሱ የተወለዱት ባለ ግፊት ምድጃዎች ሁሉ በአንድ መርሕ ይሠራሉ። ነዳጁ በአየር ግፊት ተገፍቶ በጋለ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይተናል፤ እንፋሎቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በሚያንስ ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። የምድጃው ጕልበትም ድክመቱም ያች ጠባብ ቀዳዳ ናት። አንዲት የዝገት ቅንጣት ልትደፍናት ትችላለች።

ውሃ የሚያደርሰው ጕዳት ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ ሰው ውሃው «ሙቀቱን ይቀንሰዋል» ብሎ ያስባል፤ ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። አንድ ግራም ላምባ ሲነድ 43,000 ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ ግራም ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው 2,260 ጁል ያህል ነው። ከላምባው ውስጥ አንድ በመቶው ውሃ ቢሆንና እኩል ተሠራጭቶ ቢመጣ ኪሳራው ከቁጥር የማይገባ በሆነ ነበር። ችግሩ ውሃው እኩል ተሠራጭቶ አለመምጣቱ ነው። ጠብታ ሆኖ ይደርሳል፤ በጋለው ቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በዚያች ቅጽበት በቀዳዳው የሚወጣው ነዳጅ ሳይሆን የውሃ እንፋሎት ይሆናል፤ እሳቱም ይጠፋል። ውሃው አልፎ ነዳጁ ሲመለስ የሚያቀጣጥለው ነበልባል የለም፤ ስለዚህ ያልነደደ እንፋሎት በምድጃው ዙሪያ ይከማቻል። የባልደረባችንን እጅ የለበለበው ይህ ነው። ቤት ውስጥ በምንጠቀምበት ባለ ክር ምድጃ ደግሞ ውሃው ከማጠራቀሚያው ሥር ሆኖ ቆርቆሮውን ያዝጋል፤ ክሩ ከላምባው ይልቅ ውሃውን ሲስብ ጫፉ ከስሎ ይጤሳል።

ውሃው የግድ ከውጭ መግባት የለበትም። ግማሹ ባዶ በሆነ ጀሪካን ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ቀን ሲሞቅ አዲስ አየር ይገባል። የደጋው ቀን የሞቀ፣ ሌሊቱም የበረደ ስለ ሆነ ይህ ዑደት በየዕለቱ ይደጋገማል። ውሃው ከተኛ በኋላም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በውሃና በነዳጅ ወሰን ላይ የሚኖሩ፣ ነዳጁን ራሱን የሚመገቡ የሻጋታና የባክቴሪያ ዝርያዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ለረጅም ጊዜ በተቀመጠ ዕቃ ሥር የሚታየው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ብዙ ጊዜ የእነርሱ ሥራ ነው።

ማስከን፣ ማጥለል፣ መፈተሽ

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም ወጪ የለውም፤ ማስከን ነው። የስቶክስን ሕግ ተጠቅመን የላምባውን ዝልግልግነት 1.6 ሚሊፓስካል ሰከንድ፣ የላምባውንና የውሃውን የጥግግት ልዩነት በሜትር ኩብ 200 ኪሎ ግራም ብለን እናስላ። ወርዷ 100 ማይክሮሜትር የሆነች የውሃ ጠብታ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ጀሪካን ውስጥ እስከ ታች ለመውረድ 7 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ወርዷ 10 ማይክሮሜትር የሆነችው ግን 12 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች፤ ወርዱ በአሥር እጅ ሲያንስ ጊዜው በመቶ እጅ ይረዝማልና። ላምባው ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ጊዜው ከዚህም ይጨምራል። ከዚህ ስሌት የምናገኘው ደንብ ግልጽ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ማቆየት ትልልቁን ጠብታ ያስወግዳል፤ ጥቃቅኑን ለማስወገድ አንድ ሙሉ ሌሊት ያስፈልጋል።

ከሰከነ በኋላ ያለው ሥራ ከቡና መቅዳት አይለይም። ጀበናውን የሚያንቀጠቅጥ፣ አተላውንም እስከ መጨረሻው የሚያንቆረቁር ቡና አፍይ የለም። ላምባውም ሳይናወጥ ከላይ ከላዩ ይቀዳል፤ ከ10 ሊትር ጀሪካን የመጨረሻው ግማሽ ሊትር ያህል በዕቃው ይቀራል። ይህን አተላ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሣር መድፋት ከተነሣንበት ዓላማ ጋር ይጋጫል፤ ተዘግቶ ወደ ከተማ መመለስ አለበት።

ሁለተኛው ማጥለል ነው። እዚህ ላይ በጨርቅ ስለ ማጥለል ያለንን እምነት መመርመር ይገባል። ጠላውንም ጠጁንም በጨርቅ ስለምናጠልል ላምባውንም በነጠላ ቁራጭ ያጠለለ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ጥጥ ግን ውሃን የሚወድ ነገር ነው። ዝገቱን፣ አሸዋውንና ገለባውን ይይዛል፤ ውሃውን ግን ጠጥቶ መልሶ ያሳልፋል። ውሃን የሚለየው ማጥለያ በተቃራኒው ውሃን የማይወድ መሆን አለበት። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው እምቡቶ በውስጡ እንደ ቴፍሎን ባለ ነገር የተለበጠ ደቂቅ ወንፊት አለው፤ ነዳጁ ወንፊቱን አርሶ ያልፋል፤ ውሃው ግን በገጽ ውጥረቱ ምክንያት ወደ ደቃቃዎቹ ቀዳዳዎች መግባት ስለማይችል ከላይ ይቀራል። ማጥለሉ ሲያበቃ ከእምቡቶው ውስጥ የቀረው ውሃ በዐይን ይታያል፤ ይደፋል።

ይህ ወንፊት አንድ ጠላት አለው፤ ሳሙና ነው። ሳሙና በውሃና በነዳጅ መካከል ያለውን ውጥረት ስለሚያላላ ውሃው በወንፊቱ በኩል ሾልኮ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ጠብታዎቹም ደቅቀው እንዲቀሩ፣ ማስከኑም እንዲዘገይ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ጀሪካንን በሳሙና አጥቦ በሚገባ ሳያለቀልቁ ላምባ መቅዳት ንጽሕናን ፈልጎ ችግርን መጋበዝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ለላምባ ብቻ የሚውል፣ ስሙ በጉልህ የተጻፈበት ዕቃ መያዝ ነው። ስለ ዕቃው ከተነሣ ሌላም ነገር መባል አለበት። ላምባን በ«ሃይላንድ» ጠርሙስ የመያዝ ልማዳችን ነዳጁን ብቻ አያቆሽሽም፤ ውሃ መስሎት የሚጎነጭ ልጅ ሳንባው ሊጎዳ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

ሦስተኛው መፈተሽ ነው። ከሥር የተቀዳ ጥቂት ላምባ ጥርት ባለ ብርጭቆ ተይዞ ከብርሃን አንጻር ይታያል፤ ጥሩ ላምባ ጥርት ብሎ ያንጸባርቃል። ከተጠራጠርን ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ማድረግ ይበቃል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም በላምባ ውስጥ አይሟሟም፤ ከሥር ውሃ ካለ ግን ወዲያውኑ ያቀላዋል።

ማጥለያው የማይደርስበት

ማጥለያ ያለው ሰው ከሌለው ሰው ይበልጥ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አለ። ማጥለያ የሚለየው ያልተዋሐደውን ብቻ ነው፤ የተዋሐደውን አይለይም። ቤንዚን ከላምባ ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሐዳል፤ የትኛውም ወንፊት አይለየውም፤ የቱንም ያህል ቢሰክን አይለይም። ላምባ በአየር ላይ የሚቀጣጠል እንፋሎት የሚሰጠው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህልና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማም ይሰጣል። ጥቂት ቤንዚን የገባበት ላምባ መልኩ እንደ ላምባ ሆኖ ጠባዩ እንደ ቤንዚን ይሆናል። ሽታው ያጠራጠረን ላምባ በምድጃ አይገባም፤ ቆጥቦ መጠቀም የሚባል ነገር የለም። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካንም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ በላምባው ይሟሟል፤ ማጥለያውን አልፎ ይሄዳል፤ በጋለው ቱቦ ውስጥ ግን እንደ ላምባው ስለማይተን ከስሎ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ ደንቡ ለሁሉም ነዳጅ አይሠራም። በጅግጅጋ አካባቢ በሚገኙ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች የማገዶ ጫናን ለመቀነስ በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ሥራ ላይ ውሎ እንደ ነበር ይታወቃል። ኤታኖል ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይዋሐዳል። ማስከንም ማጥለልም አይለየውም፤ የሚያዋጣው የጥግግት መለኪያ ነው። በላምባ የለመደውን ወደ ኤታኖል ይዞ የሚሄድ ተማሪ ያጠለለ መስሎት ያላጠለለ ይሆናል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ የምግብ አብሳዩ ሥራ ነው፤ ተመራማሪውን አይመለከትም» የሚል ነው። ለዚህ ታሪክ መልስ አለው። በ1912 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ የሞቱት የሮበርት ስኮት ጓዶች በየማከማቻው ያስቀመጡትን ላምባ ጎድሎ አግኝተውታል፤ በቆርቆሮዎቹ ክዳን ላይ የነበረው የቆዳ ቀለበት ነዳጁን አምልጦ እንዲወጣ አድርጎት ነበር። ተቀናቃኛቸው አሙንድሰን የራሱን ቆርቆሮዎች በብየዳ አስዘግቶ ነበር። የስኮት ጓዶች ያለቁት በዚህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ነዳጅ የጉዞው ጓዝ እንጂ የጉዞው ዕውቀት አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ሁለተኛው «ከታወቀ ማደያ የተቀዳ ነዳጅ ንጹሕ ነው» የሚል ነው። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. ከቤጂንግ ወደ ለንደን ይበር የነበረ ቦይንግ 777 አውሮፕላን ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው የሁለቱም ሞተሮቹ ኀይል ወደቀ፤ ከማኮብኮቢያው ፊት ባለው ሣር ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 152 ሰዎች በሙሉ ከሞት ተርፈዋል። ምርመራው የደረሰበት ድምዳሜ በነዳጁ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ጥቂት ውሃ በብርዱ በረዶ ሆኖ የነዳጁን መተላለፊያ አጠበበው የሚል ነበር። ነዳጁ ደረጃውን የጠበቀ ነበር። የአውሮፕላን ነዳጅ በመሠረቱ ከላምባ ወገን ነው። ደረጃውን የጠበቀው ነዳጅ እንዲህ ካደረገ፣ በእርጥብ ጀሪካን ተቀድቶ በበቅሎ የተናጠው ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛውና ብርቱው ተቃውሞ «ውሃ የሚለይ እምቡቶ በየገበያው አይገኝም፤ ተማሪውም ገንዘብ የለውም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም እምቡቶው ለማስከን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ደረቅ ጀሪካን፣ አንድ ሌሊት ትዕግሥትና ጥርት ያለ ብርጭቆ ያለው ሰው ከችግሩ አብዛኛውን አስወግዷል። አንድ የትምህርት ክፍል ደግሞ አንድ እምቡቶ ገዝቶ እንደ ሌላው መሣሪያ በፊርማ ቢያውስ ለብዙ ዓመት ይጠቀምበታል።

የመፍትሔ ሐሳብ

የትምህርት ክፍሎች በመስክ መመሪያቸው ውስጥ አምስት ነጥቦችን እንዲያካትቱ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለላምባ ብቻ የሚውል፣ የደረቀና ስሙ የተጻፈበት ዕቃ እንዲመደብ፤ ሁለተኛ፣ ላምባው ከከተማ ከመነሣቱ በፊት ለአንድ ሌሊት እንዲሰክን፣ በጨርቅ፣ ከተገኘም ውሃ በሚለይ እምቡቶ እንዲጠለል፤ ሦስተኛ፣ ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆነው የጠለለ ላምባ በተለየ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ እንዲያዝ፣ የቀረው ሰፈር ከደረሰ በኋላ እንደ ገና እንዲሰክን፤ አራተኛ፣ የጠፋ ምድጃ ሳይበርድ እንዳይለኰስ፣ ማጥለልና መሙላትም ከድንኳንና ከእሳት ርቆ እንዲደረግ፤ አምስተኛ፣ የነዳጅ ዓይነት፣ መጠንና ያጋጠመ ጕድለት በመስክ ማስታወሻ ላይ እንዲመዘገብ። በዚያ ከፍታ ውሃ በ88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ማብሰያው ጊዜ ይረዝማል፤ የነዳጁም መጠን በዚሁ ታስቦ መያዝ አለበት።

ከአምስቱ ይልቅ አስፈላጊ የምለው የመጨረሻውን ነው። ነዳጅ ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ቡድኑ የሚያነደው ነገር ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ሊያጠናው የመጣውን ደን ነው። እኛ በዚያ ሌሊት የሰበርነው ጥቂት ቅርንጫፍ ነው፤ ከቈጠራ ክልላችን ውጭም ነበር ብለን ራሳችንን አጽናንተናል። ነገር ግን ማገዶ ለቃሚውን የአካባቢ ሰው በጽሑፋችን «የደን መመናመን ምክንያት» ብለን ስንጠቅስ የራሳችንን እሳት ሳንጠቅስ ቀርተናል። እርሱ ያነደደው አማራጭ ስላልነበረው ነው፤ እኛ ግን አማራጭ ይዘን ወጥተን፣ ጀሪካን ሳናደርቅ በመቅረታችን ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የእኛ ነገር ሥሩ ጀሪካኑ ሥር ነበር። የባልደረባዬ እጅ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ አስታው ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል መሆኑን የለካነው እኛው ነን።